ጋምቤላ፣ የወለጋ ቡና ወደብ

ወደብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጅቡቲን ነው። የምዕራብ ወለጋ ቡና ግን ለብዙ ዓመታት ከአገር የወጣው በባሮ ወንዝ፣ በጋምቤላ በኩል ነበር።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ውሉ ይከለክላል። በዚህ ዓይነት ጋምቤላ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ በሱዳን የሚተዳደር እንደ ደሴት ያለ ቦታ ሆነ።

ከደምቢ ዶሎና ከጎሬ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ሸክም ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ወደ ደጋው ይወጣል። መርከቦቹ ከካርቱም የሚመጡት ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የእኛ ቡና ደግሞ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በመካከሉ ወራት አሉ። እስከ ክረምት ቡና ማቆየት የሚችለው መጋዘንና ገንዘብ ያለው ነው፤ በጋምቤላ እነዚህ የነበሯቸው የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ነበሩ። ለቅማ፣ አስጥታና ወቅጣ ያዘጋጀችው እናት ግን መርከቡን የምትጠብቅበት አቅም አልነበራትም።

በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የአገሪቱ ንግድ ወደ ጅቡቲ አዘነበለ። ጋምቤላን ጣሊያን በ1928 ያዘው፣ በ1933 ለቀቀ። ውሉ የታሰረው ከእንግሊዝ የሱዳን አገዛዝ ጋር ስለነበር፣ ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ የክልል ዋና ከተማ ነው።

ይህን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ስብሰባ «መጋዘን ለምኔ፣ ገንዘቡ ለብድር ይዋል» ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። እኔው ራሴ ግን በኅዳር ዕዳ ለመክፈል ጀንፈሌን ሸጬ፣ በሰኔ ዋጋው ከፍ ሲል ቆሜ አይቻለሁ። አሁን የሚታየኝ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ነው፤ ቡናዋን ያስቀመጠች እናት እስኪሸጥ የምትኖርበት ትንሽ ብድር ያስፈልጋታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሁለቱም እጄን አወጣለሁ።