መንገደኛና ዋሱ



በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ቦሌ ሚካኤል በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ስለ መንገድ ለማሰብ ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም። አውሮፕላን ማረፊያው ከአጠገቡ ነው፤ ጎረቤቱም ወይ ለመሄድ የተሰናዳ፥ ወይ ከሄደበት የተመለሰ፥ አለዚያም የሄደ ልጁ ወሬ የዘገየበት ነው። በዚህ ሰፈር ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ከመጡት ሰዎች ጋራ የሶማሌ ተወላጆች በብዛት ይኖራሉና፥ ስለ መንገደኛ መድን የምናቀርበውን የዛሬውን ንግግር ከእነርሱ አባቶች ልማድ ብንጀምር የተገባ ይመስለናል።

የምድር ባቡር ከመሠራቱ በፊት ከዘይላ ወይም ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ነጋዴ ግመሎቹን ከመጫኑ አስቀድሞ አንድ ነገር መፈጸም ነበረበት፤ ይኸውም አባን መያዝ ነው። አባን ማለት የአገሩ ተወላጅ የሆነ፥ በጎሣውም ዘንድ የተከበረ፥ መንገደኛውን በራሱ ጥላ ሥር አድርጎ የሚያሻግር ዋስ ነው። ነጋዴው ዋጋውን ይከፍላል፤ አባኑም ስለ ነጋዴው ሕይወትና ስለ ዕቃው ይቆማል። በእንግዳው ላይ የተሰነዘረ እጅ በአባኑና በጎሣው ላይ እንደ ተሰነዘረ ይቈጠር ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1855 ሐረር የገባው ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ ሲሆን፥ ስለ አባን ልማድም በመጽሐፉ ገልጾ ጽፏል።

ልብ ብለን ብንመለከተው በዚህ ልማድ ውስጥ የዛሬው የመድን ውል ፍሬ ነገር ሁሉ ይገኛል። ዋሱ የሚያዘው በወደቡ ላይ፥ ጉዞው ሳይጀመር ነው እንጂ ሽፍታ ከመጣ በኋላ አይደለም። ደግሞም ዋሱ ቃሉ በሚያልፉበት አገር የሚሰማ መሆን አለበት፤ የዘይላ አባን በጎጃም መንገድ ለማንም አይረባም ነበር።

በደጋው አገር ደግሞ የሲራራ ነጋዴ በቅፍለት ይጓዝ ነበር። ከጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥቶ በጎንደርና በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ ብቻውን በረሃ አይገባም፤ ባልንጀሮቹ እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል፥ ነጋድራሱንም ተከትሎ ይሄዳል። የቅፍለቱ ብዛት ራሱ ዋስትና ነበረ።

ባሕር ግን ቅፍለትን አያውቅም። የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው፥ እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ ተቀምጠው፥ ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ ብዙ አስተምረዋል። ሉዶልፍ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ያለ እርሳቸው አይጻፍም ነበር። ሊቁ ግን መጽሐፉን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሮና ባሕር አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ።

በዚያ ዘመን የጣልያን ነጋዴዎች ለመርከብ መድን መግዛት ከጀመሩ ሦስት መቶ ዓመት ዐልፏቸው ነበር፤ በጄኖዋ እ.ኤ.አ. በ1347 የተጻፈ የመርከብ መድን ውል እስከ ዛሬ ይገኛል። ይልቁንም የሚታሰበው ለጭነቱና ለመርከቡ ነበር፤ የመንገደኛው ነገር ብዙም አይነሣም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የለንደን የመርከብ ዋሶች የሚሰበሰቡት በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ሎይድስ የሚባለው የመድን ገበያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቡና ቤት ነው። ቡና ከአገራችን ወጥቶ በሰው አገር ይህን ያህል ሥራ ሲያሠራ፥ እኛ ግን በቡና ላይ ተሰብስበን የመሠረትነው ዕድርን መሆኑ ራሱን የቻለ ንግግር የሚወጣው ነገር ነው።

ተራው ሰው ለራሱ ጉዞ መድን መግዛት የቻለው ባቡር ከመጣ በኋላ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1849 የባቡር መንገደኞች የመድን ኩባንያ ሥራውን ሲጀምር የመድን ወረቀቱ ከጉዞው ቲኬት ጋራ በጣቢያው መስኮት ይሸጥ ነበር። የአንደኛ ማዕርግ ተሳፋሪ ሦስት ፔኒ ከፍሎ በአደጋ ቢሞት ለወራሾቹ አንድ ሺህ ፓውንድ ይሰጣል፤ የሦስተኛ ማዕርጉ በአንዲት ፔኒ ሁለት መቶ ፓውንድ ያገኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ኢንሹራንስ በዘመናዊ መልኩ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ከተቋቋመው ከአቢሲኒያ ባንክ ጋራ ነው፤ ባንኩ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የነጋዴው ሸቀጥ ዋስ ነበረው፤ በዚያው ባቡር የተሳፈረው ነጋዴ ግን ስለ ራሱ የሚቆምለት አልነበረም። በአገር ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው የመድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ኢምፔሪያል ነው። በ1967 ዓ.ም. ዐሥራ ሦስት ኩባንያዎች ተወርሰው በሚከተለው ዓመት በአንድ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለሉ፤ የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

በዚህ መካከል መንገዱ ራሱ ተለውጧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የልደታ ሜዳ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃም በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። የወር መንገድ የነበረው የግማሽ ቀን ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ቲኬት የገዛ ሰው መድንም የገዛ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፥ እ.ኤ.አ. በ1929 በዋርሶ፥ ኋላም በ1999 በሞንትሪያል የተፈረሙት ስምምነቶች አጓዡ ኩባንያ በአውሮፕላን ውስጥ፥ ወይም በመሳፈርና በመውረድ ጊዜ በሚደርስ አደጋ ለሚሞትና ለሚቈስል መንገደኛ ኀላፊ እንዲሆን ያስገድዳሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፥ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ካሳ የመጠየቅ መብት የሚሰጥ ሕግ ነበረ። ነገር ግን እንዲህ ያለው መከራ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ መንገደኛን ዘወትር የሚጥለው የተራ ቀን ነገር ነው። ትርፍ አንጀት፥ የደም ግፊት፥ በደረጃ ላይ መንሸራተት፥ በማያውቁት ከተማ መንገድ ሲሻገሩ በመኪና መገጨት። ለዚህ አየር መንገዱ አይጠየቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የደረሰውን ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ባሕር ማዶ ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ። መርዶው ሲመጣ ዕድሩ እንደ ደንቡ ድንኳን ተከለ፥ ንፍሮ ተቀቀለ፥ የታዘዘው ገንዘብም ተቈጥሮ ተሰጠ። ገንዘቡ ግን አስከሬኑን ለማምጣት ቀርቶ የሣጥኑን ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰው ተሰብስቦ ሲመካከር የዕድሩ ዳኛ፥ «ዕድራችን እስከ ቀለበት መንገዱ ነው እንጂ ባሕር አይሻገርም» ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጅቱ በሰው አገር ከወገኖቿ ተበድራ፥ የሆስፒታሉንም ዕዳ በየወሩ ለመክፈል ፈርማ፥ እናቷን ወደ አገር እስክታመጣ ድረስ ቤተ ሰቡ አስከሬን በሌለበት ልቅሶ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ያለቀሱት ሁሉ ወደ ቀብሩ ሁለተኛ መጡ። ልጅቱ ዕዳውን ከፍላ የጨረሰችው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የምንናገረው ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዕድር በክልሉ ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው ዋስ ነው። ነገር ግን ለመንገደኛ የሚያስፈልገው በሄደበት አገር ቃሉ የሚሰማ አባን ነው። የጉዞ መድን የሚባለው ውል ይህን ሥራ ይሠራል፤ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ዓረቦን ይከፍላል፥ መድን ሰጪውም ድንገተኛ የሕክምናን ወጪ፥ በሽተኛን ወይም አስከሬንን ወደ አገር የመመለስን ወጪ፥ እንደ ውሉም የጠፋ ሻንጣን ዋጋ ይሸፍናል።

ሸንገን ወደሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ለጥቂት ጊዜ የሚሄድ የአገራችን ሰው ይህን መድን ሳይገዛ ቪዛ አያገኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንባቸው ከ30,000 ዩሮ የማያንስ ሽፋን ያዛል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ይገዛል፤ ነገር ግን የሚገዛው ለኤምባሲው መስኮት ነው እንጂ ለራሱ አይደለም። ወረቀቱን ሳያነበው በቤት ጥሎት የሚሄድ አለ። ያው ሰው የሚጠይቀው ወደሌለበት አገር ሲሄድ አይገዛም። ደም ግፊቱ ግን ቪዛ አይለይም።

ውሉን የሚገዛ ሰው የቀድሞ ሕመሙን አይደብቅ፤ አስቀድሞ የነበረ ሕመም በብዙ ውሎች ከሽፋን ውጭ ነውና፥ ምን ያህሉ እንደሚሸፈንለት አስቀድሞ ይጠይቅ። የተደበቀ እንደ ሆነ ደግሞ ካሳውን ሊያስቀር ይችላል። ቀኖቹንም ይቍጠር፤ የሃያ ቀን ውል በሃያ አንደኛው ቀን ባዶ ወረቀት ነው። ለእርዳታ የሚደወልበት የስልክ ቍጥር በውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄዱት እኅቶቻችንም አንድ ነገር እንጨምር። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 923 የመድኑን ወጪ በአሠሪው ላይ አድርጎታል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ቦሌ ከመሸኘቱ በፊት ወረቀቱን አሳዩን ብሎ ይጠይቅ። አንዱ ቅጂ በልጅቱ ቦርሳ፥ ሁለተኛው በእናትየው ሣጥን ይቀመጥ፤ ከሩቅ አገር ስልክ በተደወለ ሌሊት መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው።