ደንበኛው ራሱ የሚያጥብበት የመኪና እጥበት ጣቢያ፦ የሥራ ማስኬጃ ወጪ አገማመት

በተለምዶ ላቫጆ የሚባለው የመኪና እጥበት ሥራ ዜጎች በግልም ሆነ ተደራጅተው ከሚሰማሩባቸው የአገልግሎት ዘርፎች አንዱ ነው። ደንበኛው በገዛው ደቂቃ ልክ የግፊት ማጠቢያ ማሽኑን ተጠቅሞ ተሽከርካሪውን ራሱ የሚያጥብበት አሠራር አነስተኛ የሰው ኃይል ይጠይቃል። ይሁን እንጂ የደመወዝ ወጪ መቀነሱ ብቻውን ሥራውን አትራፊ አያደርገውም። በዚህ አሠራር አብዛኛው ወጪ መኪና ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ነው። ስለሆነም አመልካቾች የኪራይም ሆነ የብድር ውል ከመፈረማቸው በፊት ወጪያቸውን ለመሸፈን በቀን ስንት መኪና እንደሚያስፈልጋቸው ማስላት ይኖርባቸዋል።

ከዚህ በታች የቀረቡት የብርና የፍጆታ አሃዞች የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። አመልካቾች በአካባቢያቸው ባለው ዋጋ ሊተኳቸው ይገባል።

1. ቋሚ ወጪዎች

ቋሚ ወጪ በደንበኛ ብዛት የማይለዋወጥ ወርኃዊ ወጪ ነው።

ሀ. የቦታ ኪራይ፦ 25,000 ብር።

ለ. የሠራተኛ ወጪ፦ ደንበኛው ራሱ ቢያጥብም ሂሳብ የሚቀበል፣ አጠቃቀሙን የሚያሳይና ንብረት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሚከፈት ጣቢያ 60 የሥራ ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ስለማይበልጥ ሁለት ሠራተኞችን በፈረቃ መመደብ ተገቢ ነው። ለእያንዳንዳቸው 8,000 ብር ደመወዝ ቢከፈል፣ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ተጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 17,760 ብር ይሆናል። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቀነሰው 7 በመቶ ግን በአሠሪው ላይ ተጨማሪ ወጪ አይደለም።

ሐ. የመሣሪያ እርጅና፦ በ180,000 ብር የተገዛ ማሽን 36 ወር ያገለግላል ተብሎ ቢገመት በወር 5,000 ብር ይያዛል። ለቤት ውስጥ አገልግሎት የተሠራ ማሽን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጣቢያ ስለማይሆን ርካሽነቱ ሊያሳስት አይገባም።

መ. የብድር ወለድ፦ 4,000 ብር።

ሠ. የጥገና መጠባበቂያ፣ የጭቃ ማዝቀጫና የዘይት መለያ ጉድጓድ ማስጠረጊያ፣ የንግድ ፈቃድ ማሳደሻና ልዩ ልዩ፦ 8,240 ብር።

የእነዚህ ድምር በወር 60,000 ብር ነው። የብድሩ ዋና ገንዘብ ክፍያ እንደ ወጪ ባይመዘገብም ከካዝና የሚወጣ በመሆኑ በጥሬ ገንዘብ ዕቅድ ውስጥ ለብቻው መያዝ አለበት።

2. ተለዋዋጭ ወጪዎች

እነዚህ በእያንዳንዱ እጥበት የሚጨምሩ ወጪዎች ሲሆኑ ዋና ዋናዎቹ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳሙና እንዲሁም ቶሎ የሚያልቁ የጎማና የማሸጊያ ክፍሎች ናቸው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚረጭ ማሽን በ10 ደቂቃ 100 ሊትር ይጠቀማል፤ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ለ10 መኪና ይበቃል ማለት ነው። የማሽኑ ሞተር 3 ኪሎዋት ቢሆን በ10 ደቂቃ የሚወስደው 0.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አመልካቾች እነዚህን መጠኖች በውሃና በመብራት ታሪፍ አባዝተው የአንድ እጥበት ወጪን ያገኛሉ።

ደንበኛው ራሱ ሲያጥብ የውሃው መጠን በአንቀሳቃሹ ቁጥጥር ሥር አይሆንም። በመሆኑም ዋጋው በመኪና ሳይሆን በደቂቃ መተመን፣ ማሽኑም የተከፈለበት ጊዜ ሲያበቃ በራሱ የሚዘጋ መሆን ይገባዋል።

3. ወጪን የሚሸፍነው የመኪና ብዛት

ለአንድ እጥበት 150 ብር ቢከፈልና ተለዋዋጭ ወጪው 50 ብር ቢሆን፣ ቋሚ ወጪውን ለመሸፈን የሚተርፈው 100 ብር ነው። 60,000 ለ100 ሲካፈል በወር 600 መኪና ይሆናል። በወር 26 ቀን ለሚሠራ ጣቢያ 23 መኪና በቀን 598 ብቻ ስለሚሆን ቢያንስ 24 መኪና ያስፈልጋል። ከዚህ ቁጥር በታች ያለ ሥራ በኪሳራ የሚካሄድ ነው።

ይህ ቁጥር ከጣቢያው አቅም ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ለአንድ መኪና መግቢያና መውጫው ተጨምሮ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንድ የማጠቢያ ቦታ በ10 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 40 መኪና ያስተናግዳል። ደንበኞች ግን በጠዋት፣ በቅዳሜና በበዓል ዋዜማ ተደራርበው በሌላው ጊዜ ስለሚሳሱ፣ የአቅሙ ግማሽ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል 20 መኪና ይሆናል። ይህም ከሚፈለገው 24 በታች ነው። በዚህ ሁኔታ አመልካቹ ኪራዩ እንዲቀንስ መደራደር፣ ሌላ ቦታ መፈለግ ወይም ሁለተኛ የማጠቢያ ቦታ የሚያስከትለውን ወጪ ጨምሮ እንደገና ማስላት ይጠበቅበታል።

4. የውሃና የመብራት መቋረጥ

ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት አካባቢ በቦቴ የሚገዛ ውሃ ስሌቱን ይለውጣል። የአንድ እጥበት ተለዋዋጭ ወጪ ከ50 ወደ 75 ብር ከፍ ቢል፣ ለቋሚ ወጪ የሚተርፈው 75 ብር ብቻ ስለሆነ በወር 800፣ በቀን 31 መኪና ያስፈልጋል። በቀን 25 መኪና የሚያስተናግድ ጣቢያ 2,500 ሊትር ስለሚጠቀም፣ ለሁለት ቀን መቋረጥ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሊኖረው ይገባል። ለመብራት መቋረጥ ጀነሬተር ከታሰበ የነዳጁም ወጪ መካተት አለበት።

5. ግብርና የሕግ ግዴታዎች

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አንቀሳቃሽ ታክሱን ጨምሮ 150 ብር ቢያስከፍል፣ በ15 በመቶው ስሌት የራሱ ገቢ 130.43 ብር ነው፤ ቀሪው 19.57 ብር የሽያጭ ታክስ ስለሆነ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ጭቃና ዘይት ያለበትን ፍሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም ወንዝ መልቀቅ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተጠያቂነትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ የጉድጓድ ግንባታ ከመነሻ ካፒታሉ ጋር መታቀድ ይኖርበታል።

6. ከውሳኔ በፊት

አመልካቾች ባሰቡት አካባቢ የሚገኝ ተመሳሳይ ጣቢያን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ በሥራ ቀንና በሳምንቱ መጨረሻ፣ የሚገቡትን መኪኖች ቆጥረው እንዲመዘግቡ ይመከራል። የተቆጠረው የቀን አማካይ ከተሰላው ቁጥር ካነሰ፣ ውሉን ሳይፈርሙ ዕቅዱን ማሻሻል ተቀማጭ ገንዘብንና ለብድር የተያዘ ዋስትናን ከአደጋ ይጠብቃል። በምዝገባ፣ በፈቃድና በብድር አሰጣጥ ላይ ዝርዝር ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በወረዳቸው የሚገኘውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ እንዲጠይቁ ይጋበዛሉ።