እርግዝና ያስታገሠው የመገጣጠሚያ ሕመም



ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። "ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ሳለሁ እኮ ደህና ነበርኩ፤ ከወለድኩ በኋላ ነው እጄ የሚያብጠው።" አብረዋት የመጡት እናት ወይም አማት ደግሞ ቀበል አድርገው "በአራስነቷ ብርድ መቷት ነው" ይላሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ እንዲህ ያለውን የሴቶች ቃል ከቁም ነገር ስለቆጠረ አንድ ሐኪም ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ ባለው ማዮ ክሊኒክ የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሐኪም ነበር። ብዙዎቹን ታካሚዎቹን የሚያሠቃያቸው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ጀርም በሌለበት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል፤ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ውሎ አድሮም ይጣመማል። በዚያን ጊዜ ከአስፕሪን፣ ከእረፍትና ከወርቅ ከሚሠራ መርፌ (አዎ፣ ከእውነተኛው ወርቅ!) የዘለለ ብዙ ሕክምና አልነበረም።

በ1929 አንድ ታካሚ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ያዘውና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ቀለል አለው። ሄንች ይህን መዝግቦ ሌሎችንም መከታተል ጀመረ። ቆይቶ ደግሞ ሴቶች ታካሚዎቹ "ሳረግዝ ይተወኛል፣ ስወልድ ይመለስብኛል" ይሉት ጀመር። "አጋጣሚ ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እሱ ግን ታሪካቸውን ሰብስቦ በ1938 አሳተመው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያሰበው ነው። እርግዝናን ብቻ ቢያይ ኖሮ "የሚያሽላቸው የሴት ሆርሞን ነው" ብሎ እዚያው በቆመ። ነገር ግን የወፍ በሽታ የያዛቸው ወንዶችም ይሻላቸው ነበር። የሐሞት ቀለም ነው እንዳይል ደግሞ ነፍሰ ጡሮቹ ዓይናቸው ቢጫ አልሆነም። ስለዚህ የሚያስታግሠው ነገር ወንድም ሴትም ሰውነት ውስጥ ያለ መሆን አለበት አለ። ምንነቱን ስላላወቀ "ንጥረ ነገር ኤክስ" ብሎ ሰየመው።

እዚያው ክሊኒክ የሚሠራው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች የተለያዩ ሆርሞኖችን ለይቶ አውጥቶ ነበር። አንዱን ለመሞከር ቢስማሙም በቂ መጠን እስኪገኝ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ መስከረም 21 ቀን 1948 ለዓመታት ስትሠቃይ ለቆየች የ29 ዓመት ሴት የመጀመሪያው መርፌ ተሰጣት። ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ ጀመረች፤ በሳምንቱ ገበያ ወጣች። መድኃኒቱ ኮርቲዞን ተባለ። በ1950 ሄንችና ኬንዳል፣ ከስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይሽታይን ጋር፣ የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። መርፌው ሲቆም ሕመሙ ተመለሰ፤ ሲቀጥል ፊት እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ፣ ስሜት ተዛባ።

የእርግዝናውም እንቆቅልሽ በኮርቲዞን ብቻ አልተፈታም። በእርግዝና ወቅት የዚህ ዓይነቱ ሆርሞን ይጨምራል፤ ነገር ግን የእናት መከላከያ ኃይል ግማሹ የአባቱ የሆነውን ፅንስ እንዳያጠቃ በሌሎች መንገዶችም ይለወጣል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በእርግዝና የሚሻላቸው ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንጂ ሁሉም አይደሉም።

ሴቶች ለምን ይበዛሉ? በሩማቶይድ አርትራይተስ ሴቶች ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይያዛሉ፤ ሉፐስ ከሚባለው በሽታ ታማሚዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ኤክስ ክሮሞዞም ብዙ የመከላከያ ጂኖች አሉት፤ ሴቶች ሁለት አላቸው። አንዱ ዝም ቢልም አንዳንድ ጂኖቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ኤስትሮጅን ፀረ እንግዳ አካላት እንዲመረቱ ያግዛል፣ ቴስቶስትሮን ግን መከላከያውን ያረግበዋል። በዚህ ምክንያት ሴቶች ብዙ ኢንፌክሽኖችን ከወንዶች በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ያው ኃይል ግን ወደ ራሳቸው ሲዞር ያቃጥላል።

እንዲህም ሆኖ በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይካተቱ መመሪያ አወጣ። ፅንስን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር፤ መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው።

እንግዲህ ወደ አራሷ ልመለስ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሁለቱም እጆች ጣቶች ካበጡ፣ ጠዋት እጅ ተሳስሮ ለመፍታት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከፈጀ፣ ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ታከሙ፣ መገጣጠሚያው ሳይበላሽ። ሌላው ደግሞ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የዚያው የኮርቲዞን ዘመዶች ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትውሰዱ። ለሳምንታት ስትወስዱ የቆያችሁም ካላችሁ በድንገት አታቋርጡ፤ የራሳችሁ ዕጢ ሥራውን ትቶ ስለሚቆይ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ሜቶትሬክሴት የምትወስዱና ለማርገዝ የምታስቡ ደግሞ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ ፅንስን ይጎዳል።