የፍላወር ቤተሰብ ሐረገ ትውልድ፤ አልቢየን፣ ኢሊኖይ

ከዚህ ሐረግ ራስ ላይ የተጻፈው ሪቻርድ ፍላወር፣ በሀገረ እንግሊዝ በኸርትፎርድሺር አስቀድሞ ቢራ ጠማቂ ኋላም ገበሬ የነበረ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለውንም ዐሥራት በጽሑፍ ሳይቀር የነቀፈ ሰው ሲሆን፣ በ1818 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡን ይዞ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ታላቁ ልጁ ጆርጅ ከሞሪስ ቢርክቤክ ጋር፣ አሜሪካውያን አቅኚዎች ዛፍ ያላበቀለ መሬት እህል አያበቅልም እያሉ ይሸሹት በነበረው የኢሊኖይ የሣር ሜዳ ላይ ወደ መሠረተው የእንግሊዞች ሰፈር መጣ።

ከጆርጅ ቀጥሎ ሚስቱ ኢላይዛ ጁልያ አንድሩስ ተጽፋለች። እንደሚተረከው፣ ሚስቱ የሞተችበት ቢርክቤክም ይህችኑ ወይዘሪት ለጋብቻ ከጅሎ ኖሮ፣ ከሠርጉ ወዲህ ሁለቱ ባልንጀሮች ቃል ለቃል ሳይነጋገሩ፣ አንዱ አልቢየንን ሌላው ዋንቦሮን፣ እጅግም ሳይራራቁ ለየብቻ ቆረቆሩ። ቢርክቤክ በ1825 በፎክስ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ፤ ዋንቦሮም ጠፋች። አልቢየን ግን እስከ ዛሬ የኤድዋርድስ አውራጃ ርእሰ ከተማ ናት። ጆርጅና ኢላይዛ በጥር 1862 በአንዲት ዕለት ዐረፉ።

የታናሹ ልጅ የኤድዋርድ ቅርንጫፍ፣ ከስደተኛ ቤተሰብ በማይጠበቅ አኳኋን፣ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ልጅነቱን በኢሊኖይ ያሳለፈው ኤድዋርድ እንግሊዝ ገብቶ በ1831 በስትራትፎርድ አፖን ኤቨን የአባቱን የቀድሞ ሥራ፣ ጠመቃን፣ ያዘ፤ ከዚያም ጠመቃ በተገኘው ሀብት ልጁ ቻርልስ መሬትና ገንዘብ ሰጥቶ፣ በ1879 የተከፈተውን የሼክስፒር መታሰቢያ ቴአትር አሠራ።