ተቀበል ያለኝ ሰው

ከአርባ ዓመት በላይ የዘፈን ግጥም ጽፌያለሁ። ሙያውን የት ተማርኸው ሲሉኝ የምጠራው ትምህርት ቤት የለኝም፤ ያለኝ አንድ ምሽት ነው። ደብረ ታቦር፣ ሰርግ ቤት፣ ዳስ ውስጥ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ በእንግዶቹ መካከል ሲዞር ከአባቴ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ተቀበል!» አሉት። ሁለት ስንኝ ሰጡት። አዝማሪው ተቀብሎ ሲያወጣው ግን ሽማግሌው የሰጡት አልነበረም። ከመጨረሻ የነበረችውን ቃል ወደ መካከል አምጥቶ፣ ቤት መምቻውን ቀይሮታል። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ሽማግሌው «እንዲህ ነው እንጂ ያልሁት!» ብለው ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። እንደዚያ አላሉም ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርሁ ሰምቻለሁ። ግን አልዋሹም። ለማለት የፈለጉትን ያወቁት ከአዝማሪው አፍ ሲሰሙት ነው።

የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ማለት ለእኔ ያ አዝማሪ ነው። ተቀባይ ነው። ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን፣ ቃል ያጣለትን ነገር ተቀብሎ ቃሉን መልሶ የሚሰጥ። ይህን ሳልረዳ የጻፍኋቸው ግጥሞች አሉ፤ ዛሬ ስሰማቸው የራሴን ብልኀት ለማሳየት የተጻፉ ይመስሉኛል፤ አንዳቸውም በሰው አፍ አልቆዩም።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ልጆች ሆነን ከብት ይዘን ስንወጣ ቀልጦ የረጋ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ እያነሣን «የቴዎድሮስ ነው» እንባባል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን ባለእጆች አስፍረው መድፍ ያስቀለጡት እዚህ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚህ አካባቢ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጉዞ ጀምሮ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ብረቱ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። የንጉሡ ሞት ግን ከዚያ አምባ የወረደው በብረት አይደለም፤ በሙሾና በቀረርቶ ነው የወረደው። የፈረንጅ መዝገብ ያላነበበች አያቴ ስለ ቴዎድሮስ አሟሟት የምታውቀውን ሁሉ የምታውቀው በግጥም ነበር። ያንን ግጥም ማን እንደገጠመው ብጠይቃት ጥያቄው ራሱ አይገባትም ነበር። የሁሉም ነዋ።

ንጉሡ ራሳቸው የግጥምን ጉልበት ገና ካሣ ሳሉ ያውቁት ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃች ጎሹ ጋር ሲዋጉ፣ በጎሹ ወገን የነበረ አዝማሪ ካሣን በግጥም አዋርዷቸው ነበር። ጎሹ ሞቱ፤ አዝማሪው ተማረከ። ለምን ሰደብኸኝ ተብሎ ሲጠየቅም በግጥም መለሰ፤ የሚገባውን ቅጣት ራሱ በስንኙ ውስጥ አስቀምጦ። በሽመል ተደብድቦ ሞተ። ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሞት ፊት ቆሞ ቤት መታ። ግጥም ለእርሱ መተንፈሻ እንጂ መተዳደሪያ ብቻ አልነበረም።

አገሩ ደግሞ የዜማ አገር ነው። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ዓመታት የሚቆይባቸው ቦታዎች ናቸው። በእኔ ዕድሜ ካሉት ገጣሚዎች ጥቂት የማይባሉት ያለፉት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ጆሯቸው መጀመሪያ የተቃኘው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ነው። ባቲን፣ ትዝታን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በስም የለዩት ኋላ ነው። ሰምና ወርቁንም ያመጡት ከቅኔ ቤት ነው። ቅኔና ዘፈን ግን በአንድ ነገር አይገናኙም። ቅኔ ተቀኝተው የሚተዉት ነው፤ ነገ ያንኑ ደግሞ የሚመጣ ተማሪ ይናቃል። ዘፈን ሺህ ጊዜ ተደግሞ ሺህ አንደኛውን መቋቋም አለበት። ወርቁ አንዴ ከወጣ በኋላ ባዶ ሰም ብቻ የሚቀርበት ግጥም ለዘፈን አይሆንም። ሰሙም ለብቻው የሚጣፍጥ፣ ልጅ እንኳ ሳይገባው የሚያዜመው መሆን አለበት። ከቅኔ ቤት የመጡ ጓደኞቼ በጣም የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነበር።

ስለ እጅ ሥራው ትንሽ ልናገር፤ ወጣቶች ሲመጡ ስለ ስሜት ብቻ እንጂ ስለዚህ አይጠይቁኝምና።

አማርኛ ብዙውን ጊዜ የሚዘፈነው በወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ይቆጥራል። ይህን ጣት ቆጥሮ ማወቅ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ድምፃዊው የሚያርፍበት ፊደል ነው። ሳድስ ላይ ድምፅ አይረዝምም። «ናፍቆት» ብለህ ስንኙን ከዘጋህ ዜማው ረጅም ሲሆን ድምፃዊው «ት» ላይ አፉ ይዘጋበታል። «ናፍቆቴ» ስትለው ተከፈተለት። በዘፈኖቻችን ውስጥ ሆዴ፣ ልቤ፣ ዓይኔ፣ ፍቅሬ የበዙት ሁላችንም ስለ ራሳችን ብቻ ስለምናወራ አይደለም፤ ኃምስ ድምፅን ስለሚሸከም ጭምር ነው። «ነሽ» ብሎ መጨረስ ስለማይመች ነው «ነሽና» የሚበዛው። ራብዕ ደግሞ ከሁሉም ይሰፋል፤ «ና» እና «ማማ» የምትል አገር ለዘፈን የታደለች ናት።

ቀጥሎ መጥበቅና መላላት። ፊደላችን አያሳየውም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚለየው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ዜማው ከጠባቂው ፊደል በፊት ያለውን ድምፅ ካስረዘመው ቃሉ ይላላና «ልቤ ውስጥ አለ» ያልኸው ሰውዬ መኖሩ ቀርቶ ተናጋሪ ሆኖ ይወጣል። አድማጭ ስሕተቱን በስም አይጠራውም፤ ግን ዘፈኑ ያቺ ቦታ ላይ ይቀዘቅዝበታል። አንድ ዘፈኔን በዚህ ምክንያት አጥቼዋለሁ። ዜማው አስቀድሞ ተሠርቶ በካሴት መጣልኝ፤ በወረቀት ላይ ቀለሙን ቆጥሬ ሞላሁት፤ ጮክ ብዬ አልዘፈንሁትም። ከዚያ ወዲህ ድምፄ ባያምርም እያንዳንዷን ስንኝ ሳላዜማት ለማንም አልሰጥም።

የአዝማሪው ምሽት ወደ ሸክላ የገባው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ገጣሚም ነበሩ፣ ዘፋኝም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነሐስ ባንዳቸውን ይዘው መጡ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን ገባ። ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ፣ በመጋቢት 1929፣ ግራዚያኒ ጠንቋይ፣ ባሕታዊና አዝማሪ እየተለቀመ እንዲገደል አዘዘ። መድፍም ጠመንጃም የሌለው ሰው መሰንቆ በመያዙ ተረሸነ። ጉር አምባ ላይ የሞተው አንድ ነበር፤ ለምን እንደሞተም ያውቅ ነበር። እነዚህ ስማቸው እንኳ አልቀረልንም።

ከነጻነት በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች መጡ፤ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሥራው ተከፋፈለ። አዝማሪ ግጥሙም ዜማውም ጨዋታውም እርሱ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ሳህሌ ደጋጎ ዜማ ይሠራ፣ ሌላው ግጥም ይጽፍ፣ ጥላሁን ገሠሠ ይዘፍን ነበር። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ በሙያው ጠለቀ። ሸክላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይጎተት የነበረውን ጨዋታ ሦስት፣ አራት ደቂቃ አደረገው። ያን ጊዜ ነው አዝማቹ የነገሠው። አዝማሪው ቤት ዋናው አዲስ የሚመጣው ስንኝ ነበር፤ አዝማቹ ማረፊያ ነበር፤ ቀጣዩን እስኪያስብ። በሸክላ ላይ ተገላበጠ። ሰው ሸክላ ይገዛ የነበረው ለአዝማቹ ነው። በ1961 አሳታሚው አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ወጣቶቹ ድምፃውያን ይህን ጥበብ አበሰሉት። እኔ አዝማች ሳልጨርስ ወደ ስንኙ አልሄድም፤ ግን ስንኙ ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ካላስቀመጥሁ አያቴ የምታፍርብኝ ይመስለኛል።

የጠፋው ሰጪው ነው። ገጣሚ አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። «ተቀበል» የሚለው የለም፤ በሳቁ የሚያርመው፣ ዝም ብሎ የሚቀጣው የለም። ለረጅም ዘመን የመጀመሪያው አድማጭ ሳንሱር ነበር። በቅርብ የሚያነብብ፣ እያንዳንዷን ቃል የሚጠረጥር አድማጭ። የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ሲከሽፍ ጥላሁን ራሱ ታስሯል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ግጥም ይዘን ገብተን ወረቀቱ ላይ ማኅተም እስኪያርፍ መጠበቅ ነበር። ያ ዘመን ሰምና ወርቅን አጎለበተ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ኅብረ ቃልን ለደስታ መሥራትና ለመደበቅ መሥራት ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው እጅን ያደርቃል። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ሲያስቀር ብዙዎቻችን በቀጥታ መናገር ተቸግረን ነበር።

በካሴት ዘመን ከሁሉም የምደነቅበት ገጣሚ ይልማ ገብረአብ ነው። የሰው ተራ ንግግር፣ ሰፈር ውስጥ የሚባለው፣ እንዳለ ዘፈን ሲሆን ያየሁት በእርሱ ነው። አበበ መለሰ ደግሞ ዜማው ላይ ለቃሉ ቦታ ይተዋል። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ከመድረክ ያመጣችው ጥበብ አለ፤ ዘፋኙ ለማን እንደሚናገር ሁልጊዜ ታውቃለች። ሦስቱም ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን አልነበሩም። ሰጪውን ይዘውት ገብተዋል።

ስለ ገንዘቡ እንዳልዘልለው። ግጥም አንዴ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ለገጣሚው አንድ ነበር። አንድ አሳታሚ አራት ግጥሞቼ ያሉበትን ካሴት ስሜን ሳይጽፍ አወጣ፤ ልጠይቅ ብሄድ «ዘፈኑን ሰው ወዶታል፣ ምን ጎደለህ?» አለኝ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መጣ፤ ማሻሻያውም የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም በር ከፈተ። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰዎች ከእኔ በፊት አርጅተው፣ ታመው፣ በዘፈናቸው የሚጨፍረው ሕዝብ ሳያውቃቸው አልፈዋል። ይህ ዕዳ ገና አልተከፈለም።

ባለፈው ክረምት ሲወጣ ለቀብር ወደ አገር ቤት ሄጄ ነበር። ከሰልስቱ በኋላ በጋፋት በኩል ስመለስ አደይ የሚለቅሙ ልጆች የእኔን ዘፈን ሲያዜሙ ሰማሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የጻፍሁትን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ተራራ» ያልሁትን የአገራችንን ተራራ በስሙ ጠርተው «ጉና» ብለውታል። አንድ ቀለም ይጎድለዋል፤ ልጅቷ «ጉና» ስትል «ና»ን ስባ ሞላችው፤ ራብዕ አይደል፣ ተሳበላት። ማን አስተማረሽ አልኋት። «እንዲሁ ነው ያለ» አለችኝ። ቆሜ ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ማታ ደብተሬን አውጥቼ «ተራራ» የሚለውን ሰረዝሁ።