ተፎካካሪዎች በደቦ የሚሠሩት ምድጃ፦ የብርጭቆ ፋብሪካዎች የጋራ ምርምር ምንድን ነው?

በቪዲዮ ስለ ኃይል ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ቤንዚን ነው፤ ታክሲ ነጂዎች ነንና። ዛሬ ግን ስለ ብርጭቆ እናውራ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒር ኢስት ሳይድ ላይ ብሮድ ስትሪትን ይዘን ስንነዳ በፍራንክሊን ፓርክ ኮንሰርቫቶሪ በኩል እናልፋለን። በ1895 የተከፈተ የመስታወት ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ብርጭቆ አቅልጠው በትንፋሽ እየነፉ ቅርጽ ሲያወጡ ለሕዝብ ያሳያሉ። ከዚያ ወደ ዳውንታውን ብንወርድ ኮንቬንሽን ሴንተሩ አለ። በኖቬምበር 2014 «የብርጭቆ ችግሮች ጉባኤ» ለ75ኛ ጊዜ የተካሄደው እዚያ ነበር። ገበያ ላይ የሚሻሙ ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸውን ልከው በምድጃ ችግር ላይ አብረው ይመክራሉ። ለምን?

ችግሩ ምድጃው ነው

ብርጭቆ ማለት በዋናነት አሸዋ፣ ሶዳ አሽና የኖራ ድንጋይ ነው። እነዚህን ለማቅለጥ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ያስፈልጋል። ትልቁ ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ቀንና ሌሊት፣ በዓልም ቢሆን፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሳይጠፋ ይነዳል። ከቀዘቀዘ ብርጭቆው ውስጡ ይደርቅና ምድጃው ይበላሻል።

እንግዲህ አስቡት፦ መኪናው 15 ዓመት ሳይቆም እየሄደ ሞተሩን መቀየር ማለት ነው። አዲስ ዘዴ ሞክሮ ያልተሳካለት ፋብሪካ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ሁሉም «አንተ ቅደም» ይባባላል። መፍትሔው ደቦ ነው።

ደቦው እንዴት ተጀመረ?

በ1996 የአሜሪካ ብርጭቆ አምራቾች ከአገሪቱ የኃይል ሚኒስቴር ጋር ሆነው እስከ 2020 የሚደርስ የጋራ ራዕይ አወጡ፤ አንዱ ግብ የኃይል ፍጆታን መቀነስ ነበር። በ1998 የብርጭቆ አምራች ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ተመሠረተ። መቀመጫውም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ኮለምበስ አጠገብ ዌስተርቪል ነው።

ምን ተሞከረ?

አንደኛ፣ እሳቱን ከላይ ከማንደድ ይልቅ ከቀለጠው ብርጭቆ ሥር መልቀቅ። ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከዩክሬን፣ ከኪየቭ ጋዝ ኢንስቲትዩት ነው። እዚህ ኮርኒንግ፣ ኦወንስ ኮርኒንግ፣ ጆንስ ማንቪልና ሌሎችም ከመንግሥት ገንዘብ ጋር ተባብረው ሞከሩት። ምድጃው በጣም ትንሽ ሆኖ በፍጥነት ያቀልጣል፤ ግን ብርጭቆው ውስጥ አረፋ ይቀራል። ስለዚህ ጥራት ላለው ጠርሙስ ሳይሆን ለግድግዳ ሙቀት መከላከያው ጥጥ መሰል ብርጭቆ ይስማማል።

ሁለተኛ፣ በአየር ፈንታ ንጹሕ ኦክሲጅን። አየር በአብዛኛው ናይትሮጅን ስለሆነ እሱን ማሞቅ ብክነት ነው።

ሦስተኛ፣ ስባሪ። ከጥሬ ዕቃው 10 ከመቶውን በስባሪ ብርጭቆ የተካ ፋብሪካ 3 ከመቶ ገደማ ኃይል ይቆጥባል።

አራተኛ፣ ጋዝንና ኤሌክትሪክን አደባልቆ ማቅለጥ።

ገንዘቡ ሲቋረጥ

በ2024 መንግሥት ቶሊዶ ከተማ ላለው ሊቢ ፋብሪካ የቆዩ ምድጃዎቹን በዚህ በአራተኛው ዓይነት እንዲተካ እስከ 45 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሜይ 2025 አዲሱ አስተዳደር ይህንን ጨምሮ 24 ፕሮጀክቶችን፣ በድምሩ 3.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ሰረዘ። ምክንያታቸው «አያዋጣም» የሚል ነው። ክርክሩ አለው፤ ኦሃዮ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ራሱ በብዛት ከጋዝ ስለሚመነጭ ጭሱ ቦታ ይቀይራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ግን ምድጃ ለ15 ዓመት የሚሠራ ነገር ነው፤ የመንግሥት ዘመን 4 ዓመት ነው። ዕቁቡ መሃል ላይ ከተበተነ ደግሞ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። በእኛ እምነት ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው።

ለአገራችንስ?

ምን መሰላችሁ፣ ኦሃዮ የሌላት ነገር ኢትዮጵያ አላት። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሶዳ አሽ ከአቢጃታ ሐይቅ ሲወጣ ኖሯል። አስኮ የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ አለን። ስባሪውንስ ማን ይሰብስበው? «ቆራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ልጅ አለ! ኦሃዮ ለባዶ ጠርሙስ መያዣ አታስከፍልም፤ እኛ ግን ጠርሙስ መልሶ መያዣ መቀበልን ከልጅነት እናውቃለን።

የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የማይቆራረጥ መብራት፤ መብራት የጠፋበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ደረቀ ማለት ነው። ሁለተኛው ፋብሪካውን፣ ዩኒቨርሲቲውንና መብራት ኃይልን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ደቦ ነው።

ከእናንተ መካከል ቶሊዶም ሆነ ላንካስተር ብርጭቆ ፋብሪካ የሠራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ እናነበዋለን። ቸር ያሰማን!