በትምህርት ቤት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን በደል ስለ ማመልከት

ለወላጅ ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠው ልጁ ነው። ይህንኑ ሀብቱን በየጧቱ ለመምህር ሲያስረክብ ደረሰኝ አይቀበልም፤ ምስክርም አይቆጥርም። የሚታመነው በመምህርነት ስም ብቻ ነው። እንግዲህ የመምህርነት ክብር የሚለካው በሚያስተምረው ፊደልና ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የተቀበለውን አደራ ሳያጎድል በመመለሱ ጭምር ነው። አደራ የሚበላ መምህር በተገኘ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በእርሱ ብቻ አያበቃም፤ አይቶና ሰምቶ ዝም ያለውንም ባልንጀራውን ይነካል። የዓለም ሕግ ወደዚህ ፍርድ የደረሰው ግን ቀስ በቀስና ብዙ ሕፃናት ከተጎዱ በኋላ ነው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» የሚል ወላጅ ጥቂት አልነበረም። ቃሉ የሚያሳየው እምነቱ ምን ያህል ወሰን ያልነበረው እንደ ሆነ ነው። ነገር ግን ወሰን የሌለው እምነት ባለበት ስፍራ፣ የተበደለ ልጅ አቤት የሚልበት በር አይኖርም። በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ከዚህ እምብዛም አልራቀም ነበር።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ሄንሪ ኬምፕ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ባወጡት ጥናት፣ ተሰብረው ወደ ሐኪም ቤት የሚመጡ ብዙ ሕፃናት የወደቁ ሳይሆኑ በአሳዳጊዎቻቸው የተደበደቡ መሆናቸውን ገለጹ። በአምስት ዓመት ውስጥም የአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ለመንግሥት እንዲያመለክት የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ግዴታው በመጀመሪያ በይበልጥ የተጣለው በሐኪሞች ላይ ነበር፤ በኋላ ግን ልጅን በየቀኑ ከሚያየው ከመምህሩ ላይ ደረሰ። በ1989 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናትን መብት ስምምነት አጸደቁ። በማግሥቱ ዓመት፣ በሐምሌ 1990 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባሎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካን የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ተቀበሉ። የዚህ ቻርተር 16ኛ አንቀጽ በሕፃን ላይ የሚደርስ በደል የሚታወቅበትን፣ የሚመለከትበትንና የሚመረመርበትን ሥርዓት መንግሥታት እንዲያቆሙ ያዛል። ቻርተሩ በሥራ ላይ የዋለው በ1999 ዓ.ም. ነው።

በወረቀት የተጻፈው ቃል ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ገባ ለማየት የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሐምሌ 13 ቀን 1991 ዓ.ም. ሌሊት በሜሩ በሚገኘው በቅዱስ ኪዚቶ ትምህርት ቤት ወንዶቹ ተማሪዎች የሴቶቹን መኝታ ቤት ሰብረው ገቡ። 19 ልጃገረዶች ሞቱ፤ 71 ክብራቸው ተደፈረ። ከዚያ ቀደም በትምህርት ቤቱ ይደርስ የነበረው ጥቃት እንደ ተራ ነገር ይታይ እንደ ነበር በጊዜው የወጡ ጋዜጦች ጻፉ። ሕዝቡን ከሞቱ ቀጥሎ ያስደነገጠውም ይኸው ነበር። ትንሹ በደል ሳይነገር ሲከማች ትልቁን ይወልዳልና።

ሕጉም ቀስ እያለ ተከተለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ ሕግ፣ መምህር ሥልጣኑን ተገን አድርጎ ተማሪውን ቢያባልግ ቅጣቱ ከ10 ዓመት እስራት እንዳያንስ ደነገገ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ መምህራንን የሚቀጥረውና የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ባወጣው ሰርኩላር፣ በተማሪ ላይ እንዲህ ያለ በደል መድረሱን ያወቀ መምህር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት፣ ነገሩን የሸፈነም እንዲቀጣ አዘዘ። ከዚህ በኋላ ዝምታ ትሕትና ወይም ባልንጀርነት መባሉ ቀርቶ ጥፋት ተባለ።

ሆኖም ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን አልበቃም። በናኩሩ አካባቢ በ2010 ዓ.ም. በመምህራቸው የተበደሉ ሁለት ልጃገረዶች ክስ አቀረቡ። መምህሩ በወንጀሉ ችሎት ነጻ ቢወጣም፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. መምህሩ ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑና መንግሥትም ኃላፊ ናቸው ብሎ ለልጃገረዶቹ 5 ሚሊዮን ሺልንግ ካሣ ፈረደ። ዳኛዋ እንዳስረዱት፣ ሰርኩላር በትኖ መቀመጥና በዳዩን ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ማዛወር ሕፃናትን መጠበቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በግል ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በዚያ ባለቤቱ አሠሪም፣ አለቃም፣ አንዳንዴም ዳኛ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ከጎደፈ ወላጅ ልጁን ያወጣል፤ ክፍያው ይቀራል። መምህሩም የውል ሠራተኛ ስለ ሆነ እንጀራውን ይፈራል። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ በዳዩን በጸጥታ አሰናብቶ፣ የመልካም ሥራ ምስክር ወረቀት ጨምሮ መስጠት ይሆናል። ወረቀቱን የተቀበለው ሌላው ትምህርት ቤትም ተኩላውን በክብር ያስገባል።

ዊልያም ቬሂ የተባለው አሜሪካዊ መምህር ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። ይህ ሰው በ1969 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሕፃናትን በማባለግ ተፈርዶበት ሳለ፣ ከ1972 ዓ.ም. አንሥቶ በዘጠኝ አገሮች በሚገኙ አሥር ትምህርት ቤቶች አርባ ዓመት ያህል አስተማረ። በለንደን ባስተማረበት የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ባልደረቦች ስለ ጠባዩ ልዩ ልዩ ሥጋት አንሥተው ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ሥጋት ለብቻው እንደ ትንሽ ነገር ታይቶ ስላለፈ፣ ተደምሮ የሚያሳየውን መልክ ያየ አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩ የተገለጠው በኒካራጓ በቤቱ ታገለግል የነበረች ሠራተኛ ከቤቱ የወሰደችው፣ ሥዕል የተከማቸበት ፍላሽ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር በደረሰ ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. ራሱን ገደለ። የአሜሪካ መርማሪዎች በሥዕሎቹ ላይ ቢያንስ 90 የሚሆኑ ልጆችን አገኙ። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት በጋራ የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ብዙ የተማሩ ሰዎች በአርባ ዓመት ያላስቆሙትን በደል ያስቆመው ከቤት ሠራተኛ እጅ የወጣ ማስረጃ መሆኑ ለመምህራን ትልቅ ተግሣጽ ነው።

በአገራችንም በ1975 ዓ.ም. የተወረሱት የግል ትምህርት ቤቶች ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደ ገና በዝተዋልና ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተበደለው ሕፃን የበዳዩ ተማሪ ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። ስለ ማመልከት ግን ይኸው ሕግ በጠቅላላው ማንኛውንም ሰው የሚያስገድደው ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የቀረው ለመምህሩ ኅሊናና ለየትምህርት ቤቱ ደንብ የተተወ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ልጅ የነገረውን መምህር በልጁ ቃል፣ በዕለቱ ይጻፈው፤ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል አይግባለት፤ መርማሪ ሆኖ ደጋግሞ አይጠይቀው፤ ተከሳሹንም አስቀድሞ አያስጠንቅቅ። ከሁሉ በላይ ግን የሰማውን ስሙ እንዳይጠፋ ለሚሠጋው ለባለቤቱ ብቻ ነግሮ አይረፍ። በሜሩም ሆነ በለንደን የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የጎደለው ከግቢው አጥር ወጥቶ ወደ ፖሊስና ወደ ሕግ የሚደርስ ቃል ነበር። የትምህርት ቤት ስም ቢጎድፍ በመልካም ሥራ ይታጠባል፤ የሕፃን ሕይወት ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ የሚጠገነው በብዙ ድካም ነው። ስለዚህ መምህራን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው፣ አደራ የተቀበሉት ለሕንጻው ሳይሆን ለልጁ መሆኑን ያስታውሱ።